ከማርደን ማንም አልደወለም

የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ልታገባ ያሰበች ልጅ ካለች መጀመሪያ መጥታ እኔን ታነጋግረኝ። አልከለክላትም። ሃርላን ታትልን ደግመሽ አግቢ ብባል እኔም ደግሜ አገባዋለሁ። መጋረጃ እንዳትገዛ ግን እመክራታለሁ። የመስኮት ልክ ከቤት ቤት ይለያያል፣ እኛ አንድ ቤት የምንቆየው ደግሞ መጋረጃው አንዴ እስኪታጠብ ብቻ ነበር።

የኮሌጅ አሰልጣኝ የሚሆን ሰው ከሥር ነው የሚጀምረው። ስንጋባ የሃርላን ሥራ “ረዳት” ይባል ነበር። የሚረዳው ለአለቆቹ ምሳ በማምጣትና የዋናውን አሰልጣኝ አማት ከአውሮፕላን ማረፊያ በመቀበል ነበር። ያኔ ካንሳስ ነን። ከዚያ ሉዊዚያና ሄዶ የፊት መስመር ልጆችን እንዲያሰለጥን ተቀጠረ፤ ሞላላዋን ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ ማንም እንዳይደርስበት የሚከልሉትን፣ በር የማያስገባቸውን ግዙፎች ማለቴ ነው። “ዊላ ዲን፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ወጣን!” አለኝ። እኔ ደረጃ የሚወጣ ሰው ወደ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እኛ የሄድነው ወደ ጎን ነው፤ ከሉዊዚያና አይዳሆ፣ ከአይዳሆ ኦሃዮ። ልጃችን ጆሊን ካንሳስ ተወልዳ፣ ሉዊዚያና ድክ ድክ ብላ፣ አይዳሆ የወተት ጥርሷን ነቀለች። አሁን አድጋ “አገርሽ የት ነው?” ሲሏት “የዕቃ መኪናው ጋቢና ውስጥ” ነው የምትለው።

ይህ ሙያ እንዲህ ነው። ካሸነፍክ ሌላው ይወስድሃል፣ ከተሸነፍክ ያለህበት ያባርርሃል፤ በሁለቱም በኩል ካርቶን ያስፈልጋል። አለቃህ ከተባረረ ደግሞ ምንም ባታጠፋ ተከትለህ ትወጣለህ። ኦሃዮ የሆነብን እንደዚያ ነው። የሃርላን ግዙፎች በሊጉ አንደኛ በተባሉበት ዓመት አለቃው በእሑድ ተባረረ፣ እኛም ሰኞ ካርቶን ፍለጋ ወጣን። ወዴት እንደምንሄድ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምሰማው እኔ ነኝ። ኦሃዮ መሄዳችንን የነገረኝ ለምሳሌ ሥጋ ሻጩ ነው፤ ያውም የጎድን አጥንት እየቆረጠልኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስሎከም የገባነው። ስሎከም ኬንታኪ ውስጥ አንድ ኮሌጅ፣ አንድ የእህል ጎተራና ሦስት ቤተ ክርስቲያን ያሉባት ከተማ ናት። ሃርላን ጸጉሩ ግማሹ ሸብቶ፣ ግማሹ ረግፎ ዋና አሰልጣኝ ተባለ። ካፌው በስሙ ሳንድዊች አወጣለት። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የጥርስ ሐኪም ኖረኝ። ዶክተር ፕሩዊት ይባላል። አፌን ከፈት ሳደርግ “ይቺ የታችኛዋ እንዴት ሆነችልዎ?” ብሎ ይጠይቀኛል። ይህ ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል። በየከተማው አዲስ ፎርም እየሞላች አፏን ለማያውቃት ሰው ስትከፍት ለኖረች ሴት ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ከስሎከም ላለመነሳት በልቤ ወስኜ ነበር።

ችግሩ ማርደን ነው። ማርደን ዩኒቨርሲቲ ባሕሩ ዳር ነው ያለው። ስታዲየሙ ይችን ከተማ ሃያ ጊዜ ይውጣታል። በእኛ ሙያ ከማርደን በላይ የሚመኙት ቦታ የለም፣ ሃርላንም ምሳ ከሚያመላልስበት ዘመን ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ቦታ ነው። በአፉ አይናገረውም። ግን ማርደን በቴሌቪዥን ሲጫወት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው። እኔም አብሬው ቁጭ እላለሁ፣ ማርደን እንዲያሸንፍም እጸልያለሁ። ካሸነፈ አሰልጣኙን አያባርረውም፤ አሰልጣኙን ካላባረረ ደግሞ እኛን አይጠራም።

ባለፈው ኅዳር ጸሎቴ አልሰመረም። ማርደን ተደጋግሞ ተሸነፈና አሰልጣኙን አባረረ። እኛ ደግሞ በዚያው ዓመት ስሎከም አይታ የማታውቀውን ድል አግኝተን ዋንጫ በልተን ነበር። በነጋታው የማርደን ሰማያዊ አውሮፕላን እኛ ከተማ አረፈ።

የስሎከም አውሮፕላን ማረፊያ በቆሎ ላይ መድኃኒት የሚረጩት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚቆሙበት ሜዳ ነው። ቢሆንም ከተማው ዜናውን ለመስማት ማረፉን አልጠበቀም። አሰልጣኝ በሚቀጠርበት ወራት በዚህ አገር ሰው ሁሉ የትልልቅ ኮሌጆችን አውሮፕላን ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በስልኩ ሲከታተል ነው የሚውለው። የመጠጥ ቤቱ ዲዊ አውሮፕላኑ ገና ደመና ውስጥ እያለ ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ በረንዳዬ ላይ ደረሰ።

“እትዬ ዊላ፣ ጠርሙስ የተሸከሙ ካርቶኖች ስለሆኑ አይቀደዱም” አለኝ። ዐይኑ ቀልቷል።

“ማን ካርቶን አምጣ አለህ?”

“ሳህኖቹን ከታች ያድርጓቸው” ብሎኝ አፍንጫውን እየጠረገ ሄደ።

ያን ቀን ሃርላን በከተማው ሬዲዮ ቀርቦ ተጠየቀ። “ሥራ አለኝ፤ ደስተኛ ነኝ፤ የትም አልሄድም” አለ። አለቀ! በዚህ ሙያ “የትም አልሄድም” ያለ አሰልጣኝ ሻንጣውን ዘግቶ የጨረሰ ሰው መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። አይዳሆ የነበረው አለቃችን ምሳ ላይ “እዚሁ እሞታለሁ” ብሎ ለእራት ሌላ ከተማ ነበር። ስለዚህ ሬዲዮኑ ሳይዘጋ ካፌው ሳንድዊቹን ከሰሌዳው ላይ አጠፋው፣ አንዱ ባለጌ ደግሞ ሣራችን ላይ “የሚሸጥ ቤት” የሚል ምልክት ተከለ። ወጥቼ ነቀልኩት፤ ምልክቱን የተከለው ሰው ከአጥር ማዶ ቆሞ ከሆነ እንዲሰማኝ ብዬም ጥቂት ነገር ተናገርኩ። የሰማኝ ፓስተሩ ነበር።

ሃርላን ግን ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። ጠዋት የተላጨውን ጢሙን ከሰዓት ደገመው። ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ሰማያዊ ክራባት አስሯል።

“እንዲያው ነው” አለኝ ሳየው።

“ምንም አላልኩህም።”

“ሰው ሰማያዊ ክራባት ማሰር አይችልም?”

“ይችላል፤ በተለይ የትም የማይሄድ ሰው።”

ሳቅ ብሎ ስልኩን አየው። ስልኩ አልጮኸም። ሲመሽም አልጮኸም። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ “እንዳትጮህ፣ እንዳትጮህ” እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ክራባቱን ሳየው “አንዴ ብቻ ጩህ” እላለሁ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ፤ ኬንድሪክ ቦሊን ነው። ኬንድሪክ የቡድናችን የመከላከያ ክፍል አሰልጣኝ ነው፤ ሃርላን በምሳ አመላላሽነት ቀጥሮት፣ ኮትኩቶ ያሳደገው ጎረምሳ፤ አርባ እንኳ አልሞላውም። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

“ኮች፣ አውሮፕላኑ...” አለ።

“አውሮፕላኑ ምን?”

“ለእኔ ነው የመጣው፣ ኮች። እርስዎን የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር እኮ! በአባቴ አፅም! ሲነግሩኝ እንኳ ‘ተሳስታችኋል፣ የኮች ቤት በዚያኛው መንገድ ነው’ አልኳቸው።”

ሃርላን እጁን ወደ ክራባቱ ሰደደና መለሰው። ከዚያ ኬንድሪክን አቅፎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። “ቤት ተከራይ እንጂ እንዳትገዛ” አለው። “የፊት መስመር ልጆቹን በደንብ አብላቸው። ጋዜጠኞቹን ደግሞ የትም አልሄድም አትበላቸው።” ኬንድሪክ እያለቀሰ ሳቀ። በሩ ሲዘጋ ሃርላን ክራባቱን ፈቶ በጥንቃቄ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። እኔ የፈለግኩት ሆነልኝ፤ ከስሎከም አልወጣም፣ ዶክተር ፕሩዊትም የእኔ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅስ ማርደንን ከነስታዲየሙ ባሕሩ ውስጥ ብገፈትረው ደስታዬ ነበር።

ወሬው በከተማው ሲሰማ መጀመሪያ ምግብ መጣ። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ቤት የሚላክ ምግብ አለ፤ ፎሶሊያ በእንጉዳይ ሾርባ ተጋግሮ፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት ተበትኖበት። አራት ትሪ መጣልን። ካርቶን ያመጣልን ዲዊ ራሱ አንዱን ተሸክሞ መጣ። “ልባችን ተሰብሯል” ይላሉ፣ ሃርላንን ከላይ እስከ ታች እያዩት። አስተያየታቸውን አልወደድኩትም። ሊሄድ ነው ብለው ሲናደዱበት እንኳ የሚያከብሩት ነገር ነበር። አሁን ግን ጥሩ ነው ብለው የገዙትን በሬ ገበያ አውጥተው ዋጋ የሚሰጥ ያጡ ሰዎች ነው የሚመስሉት።

ዶክተር ፌልፕስ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነው። በዚያ ሳምንት የሃርላንን ውል ሊያድስ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ደውሎ “ከገና በኋላ ተረጋግተን ብናየው ምን ይመስልሃል?” አለው። ከገና በኋላ! አንድ ኮሌጅ “ተረጋግተን” ካለ ሌላ ሰው እያፈላለገ ነው። ይህን ቋንቋ እኔ በአምስት ክፍለ ሀገር ተምሬዋለሁ።

ከዚያ ሃርላን ጸጉሩን ሊስተካከል ሌስተር ጋ ሄዶ ግማሹን ብቻ ተቆርጦ ተመለሰ። የግራው ተስተካክሏል፣ የቀኙ እንዳለ ነው።

“ምን ሆነህ ነው?”

“ተነስቼ መጣሁ።”

“ለምን?”

“ሌስተር ‘እውነት ለመናገር፣ ዘንድሮ ዋንጫውን ያመጣልን መከላከያው ነው፤ የማርደን ሰዎች ያዩት ነገር አለ’ አለ።” ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። “እውነቱን ሊሆን ይችላል እኮ፣ ዊላ።”

ይህን ባይል ኖሮ ዝም እል ነበር። ኮቴን አነሳሁና ኧርሊን ጋ ሄድኩ።

ኧርሊን የሴቶች ጸጉር ቤት አላት። ስገባ የዶክተር ፌልፕስ ሚስት የማድረቂያው ቆብ ሥር ተቀምጣ መጽሔት ታገላብጣለች። ኧርሊን ወንበሩ ላይ አስቀምጣኝ ትከሻዬን ትደባብስ ጀመር።

“አይዞሽ የኔ እናት። እግዚአብሔር ያጽናሽ።”

“ማን ሞቶብኝ?”

“አይ... እንዲያው የማርደኑ ነገር...”

“የማርደን ምን ነገር?” ዞር አልኩና በመስተዋቱ ሳይሆን ፊት ለፊት አየኋት። “ስሚኝ ኧርሊን። ከማርደን ማንም አልደወለልንም። ማንም! ጸሐፊያቸው እንኳ አልደወለችም። ማንም ምንም አልጠየቀንም፣ እኛም ለማንም ምንም አላልንም። ይኼው ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ማርደን የሚያነሳብኝ ሰው እንዳይኖር!”

የኧርሊን ማበጠሪያ አየር ላይ ቀረ። ሚሲዝ ፌልፕስ የማድረቂያውን ቆብ ቀስ ብላ ከጭንቅላቷ ላይ አነሳችው።

“ማንም አልደወለም?” አለች ኧርሊን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ማንም።”

“አንድም ጊዜ?”

“ነገርኩሽ እኮ!”

ሁለቱ በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ። እኔ እስካሁን የተናገርኩት ንዴት ብቻ ነበር፣ ተንኮል የለበትም። ያን አስተያየት ሳይ ግን ገባኝ። እነዚህ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን የአሰልጣኝ ወሬ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። የአሰልጣኝ ሚስት “ማንም አልደወለም” ብላ ጠረጴዛ ከመታች ስልኩ ሲጮህ ነው የሰነበተው።

“ቢደውሉስ ኖሮ?” አለች ሚሲዝ ፌልፕስ፣ እንደ ዋዛ መጽሔቱን እያገላበጠች።

“ቢደውሉ ኖሮማ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። የጥርስ ሐኪሜን ጥዬ የትም አልሄድም እላቸው ነበር።” ይህም ንጹሕ እውነት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ አምጡልኝ።

“የጥርስ ሐኪሟን...” አለች ኧርሊን በሹክሹክታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

አፌን መዝጋት እችል ነበር። አልዘጋሁም። “በሉ እንግዲህ፣ ለማንም እንዳትናገሩ” አልኳቸው። “መቼም የሚነገር ነገር የለም፤ ማንም አልደወለም።”

“እኔ?” አለች ኧርሊን። “እኔ እኮ አፍ የለኝም።”

ጸጉሬ ደርቆ ከመውጣቴ በፊት ወሬው ካፌው ደርሶ ነበር። ሲመለስልኝ የሰማሁት እንዲህ ይላል፦ ማርደን መጀመሪያ የፈለገው ሃርላንን ነው። ዊላ ዲን ስልኩን አንስታ እንቢ አለቻቸው። ለመኗት፤ እንቢ። አውሮፕላኑ መጥቶ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ባዶውን ከሚመለስ ብለው ኬንድሪክን ጫኑት። ዲዊማ ድምፄን በስልክ የሰማ ሰው እንደሚያውቅ ይምላል።

ሳንድዊቹ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ፤ ያውም አንድ ሥጋ ተጨምሮበት። ዶክተር ፌልፕስ ገናን አልጠበቀም፤ ውሉን ይዞ ራሱ ቤታችን መጣና ስለ ታማኝነት ረጅም ንግግር አደረገ።

“ከሌላ ቦታ ጥያቄ ቀርቦልህ እንደሆነ አልጠይቅህም፣ ሃርላን” አለው።

“ምንም ጥያቄ አልቀረበልኝም፣ ዶክተር።”

“እንዲህ ነው ጨዋ ሰው!” ብሎ እጁን ጨበጠው።

ሃርላን ግራ ገብቶት ፈረመ። እኔ ቡና እየቀዳሁ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

በማግስቱ ሌስተር የጀመረውን ልጨርስ ብሎ ጠርቶት ሄደ። ሲመለስ እኔ ወጥ ቤት ድንች እየላጥኩ ነበር። ጸጉሩ በሁለቱም በኩል ተስተካክሏል። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ፤ ያን ሁሉ ቀን ወድቆ የከረመው ትከሻው ቀጥ ብሏል፣ ዐይኑ በርቷል፤ ካንሳስ ያገባሁትን ልጅ መሰለኝ።

“ዊላ ዲን፣ ከማርደን የደወለው ማን ነበር?”

“ማንም አልደወለም፣ ሃርላን።”

“የስፖርት ኃላፊያቸው ራሱ ነው?”

“ማንም አልደወለም።”

“ሌስተር እኮ ሁለት ጊዜ ደውለዋል አለኝ።”

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እሱን ማታለል አልፈለግኩም፤ ከተማው የፈለገውን ይመን፣ እሱ ግን ባሌ ነው። “በደንብ ስማኝ” አልኩት። “ከማርደን ማንም ሰው እዚህ ቤት አልደወለም። እኔ ኧርሊን ጋ ተናድጄ ‘ማንም አልደወለም’ አልኩ። እነሱ ገልብጠው ሰሙት፤ እኔም አላቃናሁላቸውም። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለበትም።”

ሳቀ። በፍቅር ነው የሳቀው፣ የባሰብኝም እሱ ነው።

“እሺ” አለ።

“ምን እሺ ትላለህ? እውነቴን ነው!”

“እሺ አልኩሽ እኮ።” እጄን ከነድንቹ ያዘው። “ብትነግሪኝ ኖሮ እሄድ ነበር፤ ታውቂያለሽ። በሩጫ ነበር የምሄደው። ለዚህ ነው ያልነገርሽኝ።”

“ሃርላን...”

“ቆይ ልጨርስ። ጆሊንን እርጉዝ ሆነሽ የዕቃ መኪና ነድተሻል። በሄድኩበት ሁሉ ስትከተይኝ አንድ ቀን እንኳ ‘ምን ትያለሽ?’ ብዬሽ አላውቅም። አሁን አንዴ አልሄድም ብትይ፣ መብትሽ ነው። ቁጥራቸው አለኝ፣ አሁን ደውዬ ‘ሚስቴ ናት እንጂ እኔ እንቢ አላልኩም’ ልላቸው እችላለሁ። አልደውልም። አልተቀየምኩሽም፣ ዊላ። ይህን እንድታውቂልኝ ነው።”

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተመኘውን ነገር፣ ለእኔ ሲል፣ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ተወልኝ። ማርደን እንዳልፈለገው እኔ አውቃለሁ። እሱ ግን የፈለጉት መስሎት ነው የተወው፤ ከልቡም ነው። አሁን እጁን ይዤ አምርሬ ብነግረው፣ አልቅሼ ብምልለት ምናልባት ያምነኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ማርደንም ይቀርበታል፣ ለእኔ ብሎ መተዉም ይቀርበታል። ትከሻውም ወድቆ ወደነበረበት ይመለሳል።

“ልነግርህ ይገባ ነበር” አልኩት።

በዚያ ሳምንት ሙሉ ከአፌ የወጣች ውሸት እሷ ብቻ ናት። ሃርላን ግንባሬን ሳም አደረገኝና ሌላ ቢላዋ አምጥቶ ድንቹን አብሮኝ ይልጥ ጀመር። መላጥ አይችልበትም፤ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ጣለው፤ እኔም ምንም አላልኩትም።